የግራኝ አልጋ

ከድር ዓርብ ቀን ደውሎ «ጋሽ ይመር ወደ አኼራ ሄዱ» ሲለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ማን አየው?» ነው ያልኩት።

ከድር እዚህ ሪያድ፣ ባጥሐ ገበያ ውስጥ ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ተቀጥሮ ስለሚሠራ፣ ሲደውል ሁሌም ከኋላው የመኪና ጡሩምባና የሻጮች ጩኸት ይሰማል። «አንተም እንደሳቸው ሆነህ ቀረህ ማለት ነው» አለኝ። «የደወለችልኝ ልጃቸው ናት። ሲያርፉ አጠገባቸው ነበረች። በቃህ?»

በቃኝ። ግን ሌላ ሰው ሊቀየመኝ በሚችለው ጥያቄ ጋሽ ይመር እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ። ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሰው ታሰረ ሲባል «ማን አየው?»፣ ደሞዝ ሊጨመር ነው ሲባል «ማን አየው?»፣ ሙዲሩ፣ ማለት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ዛሬ ሲስቅ ዋለ ሲባልም «ማን አየው?» ይሉ ነበር። መሞታቸውን ሰምቼ ወዲያው ባምን ኖሮ ይሄ ልጅ ከእኔ ምንም አልተማረም ብለው ያዝኑብኝ ነበር።

ዑለያ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል አምስተኛ ፎቅ ላይ አብረን ክፍል እናጸዳ ነበር። እሳቸው የሐይቅ ከተማ አካባቢ ሰው ናቸው፣ ሃምሳን ተሻግረዋል፣ ሳውዲ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖረዋል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል ያደርጋሉ። ነጭ ኮፍያቸውን ከዩኒፎርሙ ኪስ አውጥተው የሚያጠልቁት ለሶላትና ለቁም ነገር ብቻ ነው። ኮፍያዋ ከወጣች ቀልድ የለም ማለት ነው።

ሥራ ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለ አልጋም ስለ ሳሙናም አንድ ነገር አልነገሩኝም፤ ጠዋቱን ሙሉ ያስተማሩኝ በር መክፈት ነበር። በር በጣት አይንኳኳም፣ በቁልፍ ካርዱ ጠርዝ ነው፣ ሦስት ጊዜ። በየመሐሉ እስከ አሥር ይቆጠራል። ከተከፈተ በኋላ እስከ ግድግዳው ድረስ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ የጽዳት ጋሪው በሩ ላይ አግድም ይቆማል። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱና የመጋረጃው ኋላ ይታያል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጋሽ ይመር ክፍሉ መሐል ቆመው ጣሪያው ላይ ወዳለችው ቀይ መብራት ወደምታርገበግብ የጭስ ማስጠንቀቂያ ቀና ይሉና «አሰላሙ አለይኩም» ይሏታል።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ካሜራ ልትሆን እንደምትችል ነገሩኝ። ካልሆነችስ? «ካልሆነች ሰላምታ መቼም አይባክንም» አሉኝ።

ስቄባቸው ነበር። ሳቄ ግን ሦስት ቀንም አልቆየ። እንግዳው ለቆ በወጣ አንድ ክፍል የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የእጅ ሰዓት አየሁና ላነሳው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ። ሳንነካው ከክፍሉ ስልክ ደውለው ሙሽሪፉን፣ ማለት የፎቁን ተቆጣጣሪ ግብፃዊ፣ መጥቶ እንዲያይ ነገሩት። ሰውዬው ከምድር ቤት የሚመጣ ሰው በማይመጣበት ፍጥነት በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ሰዓቱን ከቅርጫቱ አነሳ፣ አመሰገነንና ሄደ። በሳምንቱ ያንኑ ሰዓት በራሱ እጅ ላይ አየሁት። ድሮም የራሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እኔም ጣሪያዋን ሰላም እላት ጀመር።

አልጋ ማንጠፉ ላይ ግን አልተስማማንም። እኔ ግራኝ ነኝ። አንሶላ ሲነጠፍ በአልጋው ግርጌ ጥጉ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ይገባል፤ የሁሉም ሠራተኛ እጥፋት ፊቱን ወደ በሩ ሲያዞር፣ የእኔ ወደ መስኮቱ ያዞራል። ሙሽሪፉ ሁለት ጊዜ አስፈትቶ አሳጠፈኝ። በቀኝ ስሞክረው ደግሞ አልጋው ሰው የተኛበት ይመስላል። በመጨረሻ ጋሽ ይመር ጣልቃ ገቡና በዚያች ከመላው ሪያድ በተለቃቀመች አረብኛቸው፣ እንግዳው የሚተኛው በራስጌ ስለሆነ ግርጌውን አያይም ብለው አሳመኑት። ለእኔ ደግሞ ሙሽሪፉ ሲሄድ፣ ይህ እጥፋት ጠላትም ወዳጅም ይሆንሃል፣ ያነጠፍከውን አልጋ አላነጠፍኩም ማለት ከእንግዲህ አትችልም አሉኝ። ፎቁ ላይ የማን አልጋ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። የእኔ «የግራኝ አልጋ» ነበር የሚባለው።

ሌላው የማይረሳኝ ስልክ አወራራቸው ነው። ከአገር ቤት ሲደወል ስልኩን በጆሮና በትከሻቸው መሐል ይሸጉጡታል፣ ምክንያቱም እጃቸው ላይ ቢጫ የጎማ ጓንት አለ፣ አንዳንዴም ከጓንቱ የመጸዳጃ ቤት ውኃ ይንጠባጠባል። እንደዚያ ሆነው «ዛሬ ዕቃ ገብቶ እያራገፍን ነው፣ ሱቁ ተጨናንቋል፣ ማታ እደውላለሁ» ይላሉ። ሐይቅ ላይ ጋሽ ይመር ሪያድ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ከቆየሁ በኋላ እኔም ስልክ ሲደወል የቫኪዩም ማጽጃውን አጠፋላቸው ነበር።

እኔ የፈራሁት ነገር ሌላ ነው። ኢቃማዬ ላይ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ሙያዬ የእርሻ ሠራተኛ ይላል። ከፊሌ፣ ያስመጣኝና በስሙ የምኖርበት ሰው፣ አል-ኸርጅ ያለ ባለ እርሻ ነው። እርሻው ሲቀዘቅዝ ሄደህ ሥራ ፈልግ ብሎ ለቀቀኝ፣ የጽዳት ኩባንያውም ወረቀትህን ወደ እኛ ስም እናዞራለን ብሎ ቀጠረኝ። እስኪዞር ድረስ ግን ሕጉ እንደሚለው ያለሁት አል-ኸርጅ ቲማቲም ሥር ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ዑለያ ውስጥ መወልወያ ይዤ ካገኘኝ ኸላስ፣ ወደ ተርሂል፣ የሚባረር ሰው ወደሚታጎርበት እስር ቤት ነው፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት። ከዚያ በፊት በነበረው ኅዳር በተደረገው አፈሳ አብረውኝ ይኖሩ ከነበሩት ሁለቱ ለዳቦ እንደወጡ አልተመለሱም። ይህን ምስጢሬን የሚያውቁት ጋሽ ይመርና ያኔ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ የሚሠራው ከድር ብቻ ነበሩ። ዐዚዚያ ባለው የሠራተኛ ማደሪያ ሦስታችንም ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እናድር ነበር።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ፊልሙ የመጣው።

ዓመቱ በፈረንጆቹ 2014 ነው፣ ሙቀቱ ገና አልበረታም። ሙሽሪፉ የአምስተኛ ፎቅ ሠራተኞችን አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሰብስቦ አንድ ወጣት አስተዋወቀን። ፈሀድ ይባላል፣ የባለ ሆቴሉ ዘመድ ነው፣ ውጭ አገር ፊልም ተምሮ ተመልሷል። ነጭ ጀለቢያው ሥር የስፖርት ጫማ አድርጓል። ስለ ሆቴል ጽዳት ሠራተኞች ሕይወት ፊልም ሊሠራ እንደሆነ፣ እንግዳው የማያየውን ድካማችንን ለሰው ማሳየት እንደሚፈልግ ነገረን። ድምፁ ለስላሳ ነው። ለስላሳ ድምፅ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚታወቀው ሰው ከሥራ ሊባረር ሲል ነበር።

ከዚያ ፈሀድ እያንዳንዳችን የምንፈርምበት የፈቃድ ወረቀት እንዳለው ገለጸ። ወረቀቱ ላይ ስምና የኢቃማ ቁጥር ይሞላል።

ያን ቀን ወደ ዐዚዚያ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጋሽ ይመር ኮፍያቸውን አወጡ።

«እስቲ ንገሩኝ» አሉን፣ «ሪያድ ውስጥ ሲኒማ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አላየንም። ያኔ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር በከተማው አልነበረም።

«ሲኒማ በሌለበት አገር ፊልሙን ማን ሊያየው ነው?»

ከድር «ጀዋዛት» አለ። ጀዋዛት የኢቃማ ጉዳይ የሚመረመርበት መሥሪያ ቤት ነው። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞረው ለማንም ፊትህን እንዳትሰጥ አሉኝ።

በሚቀጥሉት ቀናት ካሜራው በአንደኛው ኮሪደር ብቅ ሲል እኔ በሌላኛው እጠፋ ነበር። ፈሀድ ይህን እንደማያስተውል ነበር የማስበው። ለካ አስተውሏል፤ ከሁሉ አብልጦ ሊቀርጸው የፈለገው የሚሸሸውን ሰው ነበር። ሙሽሪፉን ስሜን ጠይቆ በሚቀረጹት ሰዎች ዝርዝር ላይ እንዳስገባኝ ከከድር ሰማሁ።

ከሳምንት በኋላ የጋሽ ይመር ጠባይ ተለወጠ። ከፈሀድ ጋር የፎጣው ክፍል ውስጥ ሻይ መጠጣት ጀመሩ። እንግዳ የተወውን ውኃ እንኳ የማይጠጡ ሰው፣ የልጁን ሻይ በስኳር ይጠጣሉ። ሲስቁም ሰማኋቸው። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ሳቁ ይቋረጣል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ፎጣ ላመጣ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ፈሀድና ጋሽ ይመር ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተው ጎንበስ ብለዋል። ካሜራው ፎጣ ክምር ላይ ተቀምጧል። የፈሀድ ጣት ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጋሽ ይመር ጣት ይከተለዋል። «አስናቀ» የሚለውን ስሜን በጆሮዬ ሰማሁ፣ ከዚያ «ኢቃማ» የሚለውን። ጋሽ ይመር እስክሪብቶ ያዙ። ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ምንም ሳይሉ በሩን በእግራቸው ገፍተው ዘጉት።

ማታ ማደሪያችን በር ላይ አስቁሜ ስለ እኔ ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ስለ ፎጣ ነው» አሉኝ።

«ጋሽ ይመር፣ ስሜን ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ጆሮህ ደኅና ነው» ብለው አልፈውኝ ገቡ።

ያን ሌሊት ነገሩን ከሁሉም በኩል አገላበጥኩት። ሃያ ዓመት ያለ ችግር የኖረ ሰው እንዴት ኖረ? አፈሳው መጥቶ ሲሄድ እሳቸውን ለምን አልነካቸውም? ወረቀታቸው ንጹሕ ስለሆነ ነው ይባላል፤ ማን አየው? ልጆቻቸውን ሃያ ዓመት ሙሉ ሱቅ አለኝ እያለ የሚዋሽ ሰው እኔን ለመዋሸት ምን ያንሰዋል? ያስተማሩኝን ጥርጣሬ ሁሉ ሰብስቤ በራሳቸው ላይ አዞርኩት። ነገሩ ሁሉ ልክ ልክ እያለ ገጠመልኝ፤ ጥርጣሬ መቼም የሚገጥምለት ነገር አያጣም።

በማግስቱ ለከድርና ለክፍሉ ልጆች ጋሽ ይመር ጆሮ ጠቢ ናቸው አልኳቸው። ይመስለኛል አላልኩም፣ ናቸው ነው ያልኩት።

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ጋሽ ይመር እስላም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሥጋ አብረን አንበላም። ገና በገባሁ ሰሞን ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ትንሽ ድስት ለብቻው ገዝተው ረቡዕና ዓርብ ምስር ወጥ ይሠሩልኝ፣ እሳቸውም ያንኑ ምስር ከእኔ ጋር ይበሉ ነበር። ሌሎቹ ሩዝ በዶሮ እየበሉ ይስቁብን ነበር፤ ጋሽ ይመር ሽማግሌ ሆነው ጾም ያዙ እያሉ። ጆሮ ጠቢ ካልኳቸው በኋላ ልጆቹ ትሪያቸውን ይዘው ወደ ሌላኛው ጥግ ዞሩ። እኔም አብሬ ዞርኩ። ረቡዕ መጣ፣ ምስሩ ተሠራ፣ ድርሻዬ በሳህን ቀርቦ በሌላ ሳህን ተከድኖ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። አልነካሁትም። ጠዋት ሳህኑን አንስተው አጠቡት። ዓርብም እንዲሁ፤ ሳምንትም እንዲሁ። አንድ ቀን እንኳ ለምን አልበላህም ብለው አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸውን ራሱ ለጥፋታቸው ማስረጃ አደረግሁት።

ዋናው ቀረጻ የተደረገው ሰኞ ቀን ነው። ጠዋት ገና ጋሪዬን ሳዘጋጅ ጋሽ ይመር መጡና አምስት መቶ አሥራ ሁለትን አንተ አንጥፍ አሉኝ። ክፍሉ የእሳቸው ነበር። ትከሻዬን አሞኛል አሉ። ስጨርስ ደግሞ ልብስ ማጠቢያው ቤት ወርጄ ከድር ጋ እንድቆይ፣ ሙሽሪፉንም እንዳስፈቀዱልኝ ነገሩኝ።

አልጋውን አነጠፍኩ። ተናድጄም እንኳ አልጋ አላበላሽም። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው «ያላ፣ ውረድ። ሳልልክብህ እንዳትወጣ» አሉኝ።

ልብስ ማጠቢያው ቤት አልወረድኩም። እዚያ እንዳለሁ ለሰው ነግረው ከሆነ ባዶ ቤት ያግኙ ብዬ በአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሐል ተቀመጥኩ። መስኮት የሌለው የሚታፈን ቦታ ነው። አራት ሰዓት ያህል ጉልበቴን አቅፌ የፖሊስ ቡት ጫማ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ አዳመጥኩ። የሰማሁት ከፎቅ ፎቅ የሚሮጥ የጋሪ ጎማና አንዴ ደግሞ የጋሽ ይመርን ሳል ብቻ ነው።

ማንም አልመጣም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ሁለት ወር ሲሞላ ወረቀቴ ወደ ኩባንያው ስም ዞረ፣ አዲሱ ኢቃማ እጄ ገባ። ጋሽ ይመር እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። አሜን አልኩና እጄን ቶሎ ሳብኩ። ሊያሲዙኝ አስበው አልሆነላቸውም ብዬ ነበር የማምነው።

በ2015 ትከሻቸው ጨርሶ እምቢ ስላላቸው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገር ቤት ለመግባት ተነሡ። ሻንጣቸው ከታሰረ በኋላ ያንን ትንሽ ድስት በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሥጋ እንዳታስነካው» አሉኝ። ቀጥለውም «በር ስትከፍት ሦስቴ» አሉ። በሰላም ይግቡ አልኳቸው። ድስቱን ስቀበል እንኳ ለምን ሰጡኝ እያልኩ ነበር።

ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ቆይቷል። ልጆቹ በየስልካቸው አይተው ጋሽ ይመር አክተር ሆኑ እያሉ ሲያወሩ እኔ ተነሥቼ እወጣ ነበር። ስሜን ባገኘው እናደዳለሁ፣ ባላገኘው ደግሞ ከባድ ነገር ይጠብቀኛል። ሁለቱንም ስለፈራሁ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም።

ከድር ሞታቸውን በነገረኝ ዓርብ ግን የፎጣው ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አሁን የዚያ ፎቅ ሙሽሪፍ እኔ ነኝ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ፎጣ ክምር ላይ ተቀምጬ ፊልሙን በስልኬ ከፈትኩ።

ጠቅላላው ሩብ ሰዓት አይሞላም። መጀመሪያ ላይ ባዶ ኮሪደርና የጋሪ ጎማ ይታያል፣ ከዚያ የሚያለቅስ የዑድ ዜማ ይገባል። ፈሀድ ሁላችንንም አሳዛኝ አድርጎ ነው ያቀረበን። የጎበጠ ጀርባ፣ የረጠበ እጅ፣ በመስኮት የሚያይ ፊት። እኛ በመስኮት አናይም ነበር፤ ጊዜ የለንም። ስንት የሳቅንበትን ኮሪደር ለቅሶ ቤት አስመሰለው። ይህን እያጉረመረምኩ ሳለ ሥዕሉ ተለወጠ። የተቀመጥኩበት ክፍል ነው። ካሜራው ዝቅ ካለ ቦታ፣ ከፎጣ ላይ፣ ጠረጴዛውን ያያል። ሁለት ሰዎች ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል።

ያ ቀን ነው። የጠፋ የመሰለኝ ካሜራ ሲቀርጽ ነበር።

ጋሽ ይመር ማንበብ አይችሉም። የአስናቀ የትኛው ነው፣ ኢቃማ ያለበት የትኛው ነው እያሉ ፈሀድን በጣቱ እንዲያሳያቸው ይጠይቁታል። ፈሀድ አሳያቸው። እስክሪብቶውን ያዙና ቀና አሉ። ከዚያ በሩ በእግር ሲገፋ ይሰማል። ከበሩ ማዶ እኔ ነበርኩ። ተመልሰው ያንን መስመር ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ደጋግመው አጠቆሩት። ፈሀድ ፊት የሌለው ፊልም እንደማይሆንለት፣ ከሁሉ የፈለገው ያንን ልጅ እንደነበር፣ እሳቸውም እምቢ ካሉት ምን እንደሚያደርግ በቅሬታ ጠየቀ። ጋሽ ይመር ከኪሳቸው ኮፍያቸውን አወጡና አጠለቁ።

«የአገሬ ሰው ሱቅ አለው ነው የሚለኝ» አሉ በዚያ አረብኛቸው። «ይሁን። የእኔን ውሰድ።»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሞላው የእሳቸው ፊት ነው። መጸዳጃ ሲፈትጉ፣ ፀጉር ከውኃ መውረጃ ሲያወጡ፣ በቢጫው ጓንት ላባቸውን ሲጠርጉ ይታያሉ። ሃያ ዓመት የሸሸጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ለካሜራው ሰጡት። ሐይቅ ላይ ስልክ ያለው ሁሉ ሊያየው እንደሚችል ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ በላይ ነበር የሚያስቡት።

መጨረሻው አምስት መቶ አሥራ ሁለት ውስጥ ነው። ቀና ብለው ጣሪያዋን ሰላም አሏት። ፈሀድ አልጋው እንዴት እንደሚያምር ተናግሮ እሳቸው እንዳነጠፉት ጠየቃቸው። አዎ ቢሉ ማን ያውቃል? ፊታቸውን ሰጥተዋል፣ አልጋው ቢጨመርላቸው አይበዛባቸውም።

«አይደለሁም» አሉ። «ያነጠፈው ሌላ ልጅ ነው። ስሙን አልሰጥህም፣ ፊቱንም አልሰጥህም። ሥራውን ግን እይለት። ቀረብ በል።»

ካሜራው ወደ ግርጌው ቀረበ። የአንሶላው እጥፋት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ፈሀድ ምን እንዳየ አያውቅም፣ እንዲያው ሥዕሉ ስላማረው ይመስለኛል እዚያው ላይ ቆየ፣ ፊልሙም እዚያው ላይ አለቀ። ትከሻቸው ያን ቀን ምንም አላመማቸውም ነበር። ፎጣው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ለከድር መልሼ ደወልኩ። ጋሽ ይመርን ጆሮ ጠቢ ያልኳቸው በውሸት እንደነበር፣ ለሦስቱም ልጆች እኔው ራሴ እንደምናገር ነገርኩት። ለምን እንደራቅኋቸው ሳይጠይቁኝ፣ ያልኩትንም ሳይሰሙ መሞታቸው እንደሚያንገበግበኝም ነገርኩት።

«ሰምተዋል እንጂ» አለኝ ከድር። «ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ። ረቡዕ ቀን ነበር፣ ምስሩን እያማሰሉ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«'ወረቀቱ እስኪያልቅለት እኔንም ቢጠረጥር ይሻለዋል፣ ተዉት' አሉኝ። እኔን ግን እንዳልነግርህ አስማሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳህንህን ከደኑልህ።»